የአመራር ማስተርስ ለምን ይጠቅማል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ እሄድ ነበር። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ረዳቱ በየመንደሩ ተሳፋሪ እየጠራ ስለሚያስቆም ለወሬ የሚበቃ ጊዜ አይጠፋም። ከጎኔ የተቀመጠች ወይዘሮ ጭኗ ላይ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ዘርግታ በእርሳስ ታሰምራለች። ሳይጠሩኝ አቤት የማለት ልማድ አለብኝና ጥራዙን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ስለ ድርጅት አመራር ነው። ወሬ ጀመርን። በሀብሩ ወረዳ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ሂደት አስተባባሪ ናት። ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ክፍያውን የምትሸፍነው ከደመወዟና ከዕቁቧ ነው። ሕግ የተማርኩ መሆኔን ስታውቅ ጥራዙን አጠፈችና ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህን ስጨርስ ሹመት አገኛለሁ ብዬ አይደለም፤ ሹመት በሌላ በር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን መምራት በትምህርት የሚገኝ ነገር ነው?»

የዚያን ዕለት መልሴ አጭርና ደካማ ነበር። «ትምህርት መቼም አይጎዳም» ብያት ወልድያ ስንደርስ ተለያየን። ጥያቄዋ ግን አልተለየኝም። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

ለመሆኑ የድርጅት አመራር ትምህርት ምንድን ነው?

በአገራችን ሦስት የትምህርት ዓይነቶች ሲደባለቁ ይታያል። አንደኛው በተለምዶ ኤምቢኤ የምንለው የንግድ ሥራ አመራር ነው፤ ሒሳብን፣ ገበያን፣ ፋይናንስን ያስተምራል። ሁለተኛው የመንግሥት አስተዳደር ሲሆን ትኩረቱ ፖሊሲ፣ በጀትና ሲቪል ሰርቪስ ነው። ሦስተኛው፣ ወይዘሮዋ የያዘችው፣ የድርጅት አመራር ነው። የዚህኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይለያል። ሰዎች ለአንድ ዓላማ አብረው የሚሠሩት በምን ምክንያት ነው? ለውጥ ሲመጣ ለምን ይፈራሉ? መሪ የተባለው ሰው ከማዘዝ በላይ ምን ይጠበቅበታል? ኮርሶቹም ይህንኑ የተከተሉ ናቸው፤ የአመራር ንድፈ ሐሳብ፣ የድርጅት ጠባይ፣ የለውጥ አመራር፣ የግጭት አፈታት፣ ሥነ ምግባር፣ የምርምር ዘዴ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ።

የትምህርቱ መሠረት የተጣለው በአመዛኙ በአሜሪካ ነው። ቼስተር ባርናርድ የተባለ የስልክ ኩባንያ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ለእኛ ለሕግ ሰዎች የሚያስደነግጥ ነገር ተናገረ። ትእዛዝ ሥልጣን የሚያገኘው ከአዛዡ ወንበር ሳይሆን ከታዛዡ መቀበል ነው አለ። ሮበርት ግሪንሊፍ በ1970 መሪ አስቀድሞ አገልጋይ መሆን አለበት የሚለውን ሐሳብ አመጣ። የታሪክና የፖለቲካ ምሁሩ ጄምስ በርንስ በ1978 ሁለት ዓይነት አመራር ለየ፤ አንዱ «ይህን ሥራ፣ ይህን እሰጥሃለሁ» የሚል የልውውጥ አመራር፣ ሌላው የተመሪውንም የመሪውንም ዓላማ ከፍ የሚያደርግ የለውጥ አመራር። በርናርድ ባስ በ1985 ይህን ወደ ድርጅቶች ወሰደው። የሃርቫርዱ ሮናልድ ሃይፌትዝ ደግሞ በ1994 ባለሙያ ጠርተን የምንፈታውን ችግር፣ ራሳችን ካልተለወጥን ከማይፈታው ችግር መለየት የመሪ የመጀመሪያ ሥራ ነው አለ። የተቃጠለ ጄኔሬተር ለመጀመሪያው ምሳሌ ይሆናል፤ ባለጉዳይን የማመናጨቅ ልማድ ለሁለተኛው።

እኛስ ምን ያህል ተማርን?

አመራርን በትምህርት ማግኘት ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1940ዎቹ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት አቋቁሞ ነበር። ኢሕአዴግም ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ከፈተ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የአናቱ ነው። አቶ መለስ ዜናዊ እ.ኤ.አ. በ1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ትምህርት የኤምቢኤ ዲግሪ አገኙ። በሙያቸው የውኃ መሐንዲስ የሆኑት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከአሜሪካው አዙሳ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በድርጅት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም በይፋዊ የሕይወት ታሪካቸው እንደተገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከለንደኑ ግሪንዊች ዩኒቨርሲቲ፣ አዲስ አበባ ከሚገኘው ኢንተርናሽናል ሊደርሺፕ ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር በተሰጠ ፕሮግራም፣ በለውጥ አመራር ማስተርስ ተቀብለዋል። ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች በተከታታይ፣ ሦስቱም የአመራር ወይም የሥራ አመራር ምሩቃን! እንዲህ ያለ መንግሥት ያለው አገር በዓለም ላይ ብዙ አይመስለኝም።

«የተማረ ይግደለኝ» ለሚል ሕዝብ ይህ መልካም ዜና በሆነ ነበር። ሆኖም በእነዚሁ ዓመታት አገሪቱ ያለፈችበትን ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ኃይለ ማርያም በ2010 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ሲለቁ የመፍትሔው አካል ለመሆን ነው ብለው ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። ዲግሪው ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው ሌላ ነው፤ አንድን ሰው በአመራር ማስመረቅና አንድን ተቋም እንዲመራ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ዩኒቨርሲቲ ይችለዋል። ሁለተኛው በተቋሙ ውስጥ አንድ ነገር መኖሩን ይጠይቃል።

ያ ነገር ምንድን ነው? መጥፎ ዜና ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ነው።

ስህተታቸውን የሚናገሩ ሠራተኞች

ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጠናች። ግምቷ ቀላል ነበር፤ በደንብ የሚመሩ የነርስ ቡድኖች የሚሳሳቱት ጥቂት ነው የሚል። ቁጥሩ ግን ተገልብጦ መጣ። በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ያስመዘገቡ ሆነው ተገኙ። ነገሩን ስታጣራ የደረሰችበት ማብራሪያ ይህ ነው፤ ብዙ ስለተሳሳቱ አልነበረም፤ ስህተታቸውን ለመናገር ስላልፈሩ ነበር። ሌሎቹ ደብቀውታል። የተደበቀ ስህተት ደግሞ አይታረምም።

ይህን ጥናት ያነበበ የአገራችን ሠራተኛ ወደ ራሱ መሥሪያ ቤት መመልከቱ አይቀርም። እንበልና አንድ ቀበሌ በተፋሰስ ልማት 10 ኪሎ ሜትር እርከን እንዲሠራ ዕቅድ ተሰጥቶታል። የሠራው 6 ነው። የቀበሌው ሰው 6 ብሎ ቢጽፍ በግምገማ ላይ «አመለካከቱ ችግር አለበት» ይባላል። ስለዚህ 8 ይላል። ወረዳው ከሌሎች ወረዳዎች ላለማነስ ሲደምር ትንሽ ያነሣዋል። ዞን ሲደርስ ዕቅዱ ሙሉ ነው። ክልል ሲደርስ ከዕቅድ በላይ ሆኗል። በዚህ ሰንሰለት ላይ ያለው እያንዳንዱ ሰው ክፉ አይደለም፤ ትልቅ ውሸት የዋሸም የለም። እያንዳንዱ የዋሸው ለወንበሩ የምትበቃ ትንሽ ውሸት ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ የሚመጣው በሪፖርቱ ላይ ሳይሆን ባልተሠራው 4 ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

ላለፉት ሃያ ዓመታት ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን፣ የለውጥ ሠራዊት እየተባለ የመጣ የመጣው መሣሪያ ሁሉ የተሰነካከለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ይመስለኛል። መሣሪያዎቹ በራሳቸው መጥፎ አልነበሩም። የሚሠሩት ግን እውነተኛ ቁጥር ሲገባባቸው ነው። እውነተኛ ቁጥር የሚያስቀጣ ከሆነ የትኛውም መሣሪያ የሚያመርተው ያማረ ወረቀት ብቻ ነው።

ወሎ የከፈለው ዋጋ

ስለ መጥፎ ዜና መደበቅ ለማስተማር ከወሎ የበለጠ ቦታ የለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ክፍለ ሀገሩን ሲመታ ገበሬው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ዋናው የአስመራ መንገድ ወጣ። መርሳም ወልድያም የተቀመጡት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ረሃቡ በጓሮ አልነበረም፤ መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ዳር ነበር። ያም ሆኖ አዲስ አበባ እንዳልሰማ ሆነ። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ በግቢው ሲያሳዩ ዜናው የተማሪ ረብሻ ጉዳይ ተደርጎ ታየ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአውሮፓ ሲታይ ግን መደበቅ አልተቻለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ዘውዱም ዓመት አልቆየም።

አማርትያ ሴን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናት ይህንኑ የወሎን ረሃብ በዝርዝር መርምሮታል። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር ይላል። የወሎ ገበሬ ያጣው እህሉን የሚገዛበትን አቅም ነው። ሴን በኋላ ጽሑፎቹ ነፃ ጋዜጣ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ረሃብ አይደርስም ወደሚል መደምደሚያ መጣ። በእኛ ቋንቋ ስንተረጉመው፣ መጥፎ ዜና ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ያለው አገር ሕዝቡን በረሃብ አያስጨርስም ማለቱ ነው።

ያን ጊዜ የነበሩት ሹማምንት ያልተማሩ አልነበሩም። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዙ በርካታ ነበሩባቸው። የጎደለው እውቀት ሳይሆን «ጃንሆይ፣ ሕዝቡ እያለቀ ነው» ብሎ ተናግሮ በማግሥቱ በወንበሩ ላይ የመገኘት ዋስትና ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር «ዝም አይነቅዝም» ብልህነት ይሆናል።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ደግሞ የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ይጠብቃል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን አንድ የወረዳ ባለሙያ «እርከኑ 6 ኪሎ ሜትር እንጂ 10 አይደለም» ሲል ወንጀል መጠቆሙ አይደለም፤ ሥራውን መሥራቱ ነው። ይህን የተናገረ ሰው በቀጣዩ ወር ከቦታው ቢነሣ የተነሣበት ምክንያት ተብሎ የሚጻፈው ሌላ ነው። ሕግ ወንጀለኛን የሚያጋልጠውን ይጠብቅ ይሆናል፤ የዕለት ተዕለት እውነት የሚናገረውን ግን መጠበቅ የሚችለው የቅርብ አለቃው ነው። የአመራር ትምህርት ከሕግ ትምህርት የሚቀጥልበት ቦታ እዚህ ላይ ነው።

ቅሬና የውኃ አባት

«ታዲያ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥናት ለእኛ ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውና 62 ኅብረተሰቦችን ያነጻጸረው ግሎብ የተባለ ትልቅ የአመራር ጥናት ኢትዮጵያን አላካተተም። ተማሪዎቻችን የሌላውን አገር መለኪያ እያነበቡ ራሳቸውን ይለካሉ።

ይሁንና ወሎ የራሱ መማሪያ አለው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቅሬው ዳኛ ደመወዝ የለውም፤ መኪና የለውም፤ ማኅተሙም አያስፈራም። ለቅሶ ሲደርስ ግን ሁሉም ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል፤ የተቀጣውም ቅጣቱን ይከፍላል። ባርናርድ ሥልጣን ከታዛዡ መቀበል ይመነጫል ያለውን የቅሬ ዳኛ መጽሐፉን ሳያነብ ያውቀዋል። እንደ ጊራና ባሉ የመስኖ ቦታዎች የውኃ ተራ የሚከፋፈለውም በአማራ ክልል ገበሬዎች ዘንድ የውኃ አባት በሚባል፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በሚመርጡት ሰው አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብት የሚያስተዳድሩ ማኅበራት የሚጸኑበትን ምክንያት ስታጠና ያገኘችው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ደንቡን የሚያወጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፣ ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለእነሱ ነው፣ ቅጣቱ በደረጃ ነው፣ ጠብ የሚፈታበት ቅርብ ቦታ አለ።

በቅሬ ውስጥ መጥፎ ዜና የሚጓዘው አጭር መንገድ ነው። ዳኛው ገንዘብ ቢያጎድል የሚነግረው ጎረቤቱ ነው፤ በማግሥቱም አብረው ቀብር ይወጣሉ። እርግጥ ቅሬን ማሞካሸት ብቻ ትክክል አይሆንም። በብዙ ቦታ ሴቶች ወጥ ሠርተው ያበላሉ እንጂ ዳኛ አይሆኑም፤ ሥራውም ከአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ ጋር ሲነጻጸር ጠባብ ነው። ቅሬ የሚያስተምረን ተጠሪነት ወደ ታች ሲሆን እውነት ወደ ላይ መውጣት እንደሚቀለው ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ተጠሪነቱ ለሾመው ስለሆነ የሚያስጨንቀው የባለጉዳዩ ፊት ሳይሆን የሾመው ሰው ስልክ ነው።

ወልድያ ይህን በመራራ መንገድ አይታዋለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋና አካባቢዋ በጦርነቱ በተያዙ ጊዜ ሆስፒታሉም፣ በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲም ተዘርፈዋል። የተዘረፈ ተቋም እንደገና ሲከፈት አንዱ ትልቅ ሥራ በትክክል የቀረውንና የጠፋውን መመዝገብ ነው። ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ የሚል ሪፖርት ያን ጊዜ የሚያስቀረው ኦክስጅንና መድኃኒት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተቀሰቀሰው ሌላ ግጭትም ብዙ የቅዳሜ ጉዞዎችን አስቀርቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለመማር ዕቁቧን የምታወጣ ሴት የምትከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከመመዝገብ በፊት

ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ለተዘጋጃችሁ ሁሉ ጥቂት ምክር ልስጥ።

መጀመሪያ ፈቃዱን ተመልከቱ። የግል ተቋም ከሆነ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው የዕውቅና ፈቃድ ለተቋሙ በጅምላ የሚሰጥ ሳይሆን ለትምህርት መስኩ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋና ግቢ መፈቀዱ ለወልድያው ቅርንጫፍ ማስረጃ አይሆንም። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ስለ አቻ ግመታው ቀድማችሁ ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለድኅረ ምረቃ የመጣውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተናም አትናቁት፤ ያለ እርሱ እናስገባችሁ የሚል ተቋም ካጋጠማችሁ ከደስታችሁ በፊት ጥርጣሬያችሁ ይቅደም።

ሁለተኛ ማን እንደሚያስተምር እወቁ። አንድ ቀን እንኳ ተቋም መርቶ ወይም በቅርብ አጥንቶ ከማያውቅ ሰው፣ በተንሸራታች ሥዕል ብቻ የሚሰጥ የአመራር ትምህርት፣ መዋኘትን በደብዳቤ እንደ መማር ነው።

ሦስተኛ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት አውጡት። «የለውጥ አመራር በሠራተኛ እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል መጠይቅ በትኖ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ መልስ ሰጪው አለቃው ያየዋል ብሎ ስለሚፈራ የሚገኘውም መልስ ከሪፖርቱ አይለይም። ይልቅ አንድ የባለጉዳይ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት እስከ መልሱ ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ የት እንደሚተኛ፣ ለምን እንደሚተኛ ተከታተሉ። የቀበሌውን ቁጥር ከዞኑ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ጽሑፉን አስጽፎ የሚገዛ ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎ ሊማርባት የሚችላትን ብቸኛ ነገር ሸጧታል።

አራተኛ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ስንት ሰው ታዛላችሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። ስንት ሰው መጥፎ ዜና ይዞ በራችሁን ያንኳኳል ብላችሁ ቁጠሩ።

ለዚያች ወይዘሮ የምመልሰውም ይህንኑ ነው። እህቴ፣ መምራት ግማሹ በትምህርት ይገኛል። ትምህርቱ የምታይበት ዓይንና የምትጠሪበት ስም ይሰጥሻል፤ ለምን ሠራተኛው ዝም እንደሚል፣ ለምን ለውጥ እንደሚከሽፍ ታውቂያለሽ። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ሰኞ ጠዋት ነው። በስብሰባው ላይ «በዚህ ሳምንት ያልሆነልን ምንድን ነው?» ብለሽ ስትጠይቂ፣ አንዱ ፈራ ተባ እያለ እውነቱን ሲናገር፣ ያ ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ሳይቀጣ በወንበሩ ላይ ከተገኘ ዲግሪሽ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው። ሹመቱ መጣም ቀረም።